ካት ላብ በሌለበት ሆስፒታል የልብ ጡንቻን ማትረፍ

ከልብ የደም ቧንቧዎች አንዱ በረጋ ደም ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ጡንቻው ባንዴ አይሞትም። በመጀመሪያው ደቂቃ መኮማተሩን ያቆማል። 20 ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ ከውስጠኛው የልብ ግድግዳ ጀምሮ ሕዋሳቱ ላይመለሱ መሞት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ሞቱ ወደ ውጨኛው ግድግዳ እየገፋ ይሄዳል። እነ ራይመርና ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት የውሻ ሙከራ ቧንቧው 40 ደቂቃ ሲዘጋ ለአደጋ ከተጋለጠው ጡንቻ 38 በመቶው፣ 3 ሰዓት ሲዘጋ 57 በመቶው፣ 6 ሰዓት ሲዘጋ 71 በመቶው ሞቶ ተገኝቷል። በሰው ላይ ፍጥነቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ቁጥሮቹን ልብ ብሎ ላየ ሰው ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ሰዓት ላይ የዳነ ግማሽ ሰዓትና በአሥረኛው ሰዓት ላይ የዳነ ግማሽ ሰዓት እኩል አይደሉም።

ይህ ጽሑፍ በዋነኝነት ድንገተኛ ክፍል ለሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ነው፤ በተለይ ቧንቧውን በፊኛና በስቴንት (ቧንቧው እንዳይዘጋ ደግፎ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የሚከፍት ካት ላብ በአቅራቢያቸው ለሌለ። የመጀመሪያው ክፍል ግን ለማንኛውም ቤተሰብ ይጠቅማል።

ከቤት እስከ ድንገተኛ ክፍል በር

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ደረት መሃል ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ነው፤ ላብ ያጠምቃል፣ ያቅለሸልሻል። እኛ አገር ሰውን ከሚያዘገዩት ነገሮች ዋናው «ጨጓራዬ ነው» የሚለው ቃል ነው። የልብ የታችኛው ግድግዳ ሲጎዳ ሕመሙ ከእምብርት በላይ፣ ልክ ጨጓራ በሚታመምበት ቦታ ሊሰማ ይችላል፤ ያስታውካልም። ሰውየው ኦሜፕራዞል ይውጣል፣ ተልባ ይበጠበጥለታል፣ «ትንሽ ልተኛበት» ይላል፤ ጡንቻው በዚያው ሰዓት ያልቃል። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ወይም የሚያጨስ ሰው «የጨጓራ» ሕመሙ በላብ ታጅቦ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሌላ መሆኑ በኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ በሚያወጣው ምርመራ) እስኪረጋገጥ ድረስ የልብ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። ስኳር ያለባቸው፣ ሴቶችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ደግሞ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው በትንፋሽ ማጠርና በድንገተኛ ድካም ብቻ ሊመጡ ይችላሉ።

ሰውየውን ያስቀምጡት፤ ደረጃ አይውጣ፣ አይውረድ፣ ራሱ መኪና አይንዳ። አምቡላንስ ይጥሩ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው፤ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። ውጭ አገር ያላችሁ፣ በግል መኪና ወደ ሆስፒታል መሮጥ ፈጣን ይመስላል እንጂ አይደለም። አምቡላንሱ ኢሲጂና የልብ ማስነሻ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ቦታም ካት ላቡ ገና በመንገድ ላይ እያላችሁ ይነቃል። አምቡላንስ የማይመጣበት ቦታ ያለ ሰው ግን አይጠብቅ፤ ያገኘውን ተሽከርካሪ ይያዝ፣ አብሮት ሌላ ሰው ይሂድ።

አስፕሪን ካለ፣ ሰውየው ለአስፕሪን አለርጂ ከሌለውና ደም የሚያስታውክ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ካልሆነ፣ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ያኝክ፤ ባለ 100ውን ሦስት፣ ባለ 81ዱን አራት ማለት ነው። መዋጥ ሳይሆን ማኘክ! ብዙዎቹ ትንንሽ የአስፕሪን ኪኒኖች ጨጓራን አልፈው አንጀት ውስጥ እንዲሟሙ የተለበጡ ናቸው፤ ሳይታኘክ የተዋጠ የተለበጠ ኪኒን ሥራ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውና 17,187 ሕመምተኞች የተካፈሉበት አይሲስ-2 የተባለው ጥናት አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ የረጋ ደም ከሚያሟሟው ከስትሬፕቶካይኔዝ ጋር ሲሰጥ 42 በመቶ። ለዚያ ዋጋ እንዲህ ያለ ውጤት የሚሰጥ መድኃኒት ጥቂት ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ቃል «ደረቱን ነው» ይሁን፤ የካርድ ጉዳይ በኋላ ይደርሳል። ይህን ለዘበኛውም፣ የሕመሙን አጣዳፊነት ለምትለየው ለትሪያጅ ነርሷም ይናገሩ።

ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ

ሕመምተኛው ከባለሙያ ጋር ከተገናኘባት ደቂቃ ጀምሮ ኢሲጂ ተነስቶ እስኪነበብ 10 ደቂቃ ነው የተፈቀደው። ይህ የሚበላሸው በእውቀት ማነስ ሳይሆን በአሠራር ነው፦ ካርድ ይወጣል፣ ክፍያ ይፈጸማል፣ ወረፋ ይያዛል፣ የኢሲጂ ማሽኑ ሌላ ዋርድ ሄዷል፣ ወረቀቱ አልቋል። ማሽኑ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ ትሪያጅ ላይ ያለች ነርስ የሐኪም ትእዛዝ ሳትጠብቅ የማንሳት ሥልጣን ይኑራት። ሌላ ምንም ለውጥ ማድረግ ያልቻለ ሆስፒታል ይህን ብቻ ቢያደርግ ብዙ ጡንቻ ያተርፋል።

አነሳሱ ላይ የሚታየው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቪ1 እና ቪ2 የተባሉት የኢሲጂ ኤሌክትሮዶች በደረት አጥንቱ ቀኝና ግራ፣ በአራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ ይለጠፋሉ። ብዙ ሰው ግን አንገት ሥር ተጠግቶ ሁለተኛው ክፍተት ላይ ይለጥፋቸዋል፤ ያኔ የሌለ ሕመም ይታያል፣ ያለው ይሰወራል። በጣትዎ ከአንገት ጉድጓድ ወደ ታች ሲወርዱ የደረት አጥንቱ ላይ አንድ ጉብታ ያገኛሉ፤ ከጉብታው ጎን ያለው ሁለተኛው የጎድን አጥንት ነው፣ ከሥሩ ያለው ክፍተት ሁለተኛው፤ ከዚያ ሁለት ክፍተት ይቁጠሩ። ላቡን በጋዝ ያድርቁ፣ ጸጉር ካለ ይላጩ። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው በሚሊ ቮልት 10 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይዩ። ከዚያ የኤሌክትሮዶቹን ቦታ በእስክሪፕቶ ክብ ያድርጉበት፤ በኋላ ሁለት ኢሲጂ ሲያነጻጽሩ ያመሰግኑናል።

የኤስቲ ክፍል (ከትልቁ የምት ሞገድ ቀጥሎ ያለው መስመር) በሁለት ተጎራባች ሊዶች (ልብን ከየአቅጣጫው በሚያሳዩ የኢሲጂ ምስሎች) 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከተነሳ ቧንቧው ተዘግቷል ብለው ይነሱ። በቪ2 እና ቪ3 ግን መስፈርቱ ከፍ ይላል፦ ከ40 ዓመት በታች ለሆነ ወንድ 2.5፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 2፣ ለሴት 1.5 ሚሊ ሜትር። ከፍታው በሊድ ሁለት፣ በሊድ ሦስትና በሊድ ኤቪኤፍ ላይ ከሆነ የቪ4ን ሽቦ በቀኙ ደረት ተመሳሳይ ቦታ አድርገው ሌላ ኢሲጂ ያንሱ፤ የቀኙ ልብ መጎዳቱ የሚታየው እዚያ ነው፣ ቀጣዩ የመድኃኒት ምርጫም በዚያ ይወሰናል። ከቪ1 እስከ ቪ3 ኤስቲው ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ቪ7፣ ቪ8 እና ቪ9ን ጀርባ ላይ ይለጥፉ፤ እዚያ 0.5 ሚሊ ሜትር መነሳት ይበቃል። መጀመሪያው ኢሲጂ ምንም ካላሳየና ሕመሙ ከቀጠለ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እየቆዩ ይድገሙት።

ኤስቲው ተነስቶ እያለ የትሮፖኒን ውጤት መጠበቅ ስሕተት ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ፕሮቲን ነው፤ በደም ውስጥ የሚታየው ሕዋሱ ከሞተ በኋላ ነው። እሱን መጠበቅ ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ እስኪታይ እሳት አደጋ አለመጥራት ነው።

የሚሰጠውና የማይሰጠው

አስፕሪን ቀድሞ ካልተሰጠ አሁን ይታኘክ። ክሎፒዶግሬል፦ ማሟሟቂያ (የረጋውን ደም የሚያሟሟ) መድኃኒት ለሚወስድና ዕድሜው 75 ወይም ከዚያ በታች ለሆነ 300 ሚሊ ግራም፣ ከ75 በላይ ለሆነ 75 ሚሊ ግራም ብቻ። በቀጥታ ወደ ካት ላብ ለሚሄድ 600 ሚሊ ግራም፤ ቲካግሬሎር ካለ 180 ይመረጣል፤ ነገር ግን ማሟሟቂያ በተሰጠበት የመጀመሪያ 24 ሰዓት ቲካግሬሎር ቦታ የለውም።

ኦክስጅን። ደረቱን ላመመው ሁሉ ጭምብል ማድረግ ከእጃችን ያልወጣ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአውስትራሊያ የተሠራው አቮይድ ጥናት የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ጥሩ የነበረ ሰዎች ኦክስጅን ሲሰጣቸው የሞተው ጡንቻ መጠን ሰፍቶ አገኘው፤ በ2017 በስዊድን የተሠራው ትልቁ ዴቶ2ኤክስ ደግሞ ምንም ጥቅም አላገኘም። ትርፍ ኦክስጅን የልብ ቧንቧዎችን ያጠባል። ሙሌቱ ከ90 በመቶ በታች ካልወረደ አይስጡ፤ ሲሊንደሩን ለሚያስፈልገው ያቆዩት።

ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር ሕመም ያስታግሳል እንጂ የተዘጋውን አይከፍትም። የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ከሆነ፣ ወይም ቪ4 ቀኝ ላይ ኤስቲው ከተነሳ ክልክል ነው፤ የተጎዳ ቀኝ ልብ የሚኖረው በሚመለስለት ደም ስለሆነ ናይትሬት ግፊቱን ገደል ይከተዋል። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሳምባው ንጹሕ ከሆነ ኖርማል ሳላይን በ250 ሚሊ ሊትር እየለኩ መስጠት ነው፣ ከያንዳንዱ በኋላ ሳምባውን እየሰሙ። ሌላም ጥያቄ አለ፦ ቪያግራ በ24 ሰዓት፣ ሲያሊስ በ48 ሰዓት ውስጥ ወስዷል? ይህን ሚስቱና ልጆቹ አልጋውን ከበው ሳለ ከጠየቁ መልሱ «ኧረ የለም» ነው። ቤተሰቡን ለአንድ ደቂቃ አስወጥተው ይጠይቁ። ጫትም እዚያው ይጠየቅ፤ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ቧንቧንም ሊያኮማትር ይችላል።

ሞርፊን ለከባድ ሕመም በደም ሥር በትንሽ በትንሹ ይሰጣል፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም። አንጀትን ስለሚያዘገይ የተዋጠውን ክሎፒዶግሬል ወይም ቲካግሬሎር ሥራ ያጓትታልና ሕመሙ ከቻለ ያለእሱ ይለፉት።

ዳይክሎፌናክ በጭራሽ። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። እነዚህ ከልብ ጉዳት በኋላ የሞትን፣ የዳግም መዘጋትንና የልብ ግድግዳ መቀደድን አደጋ ይጨምራሉ። የሚያሳዝነው «ደረቴን» ብሎ ለመጣ ሰው ዳይክሎፌናክ መቀመጫው ላይ መውጋት በብዙ ክሊኒክ የተለመደ ነው። መርፌው ራሱ ሌላ መዘዝ አለው፦ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማሟሟቂያ ሲሰጥ የተወጋው ጡንቻ ውስጥ ደም ይቋጠራል። የደረት ሕመም ላለበት ሰው በጡንቻ የሚሰጥ ማንኛውም መርፌ የለም፤ ሁሉም በደም ሥር ወይም በአፍ፣ ሄፓሪን ደግሞ በቆዳ ሥር።

ቤታ ብሎከር የልብን ምትና የኦክስጅን ፍላጎት ይቀንሳል፤ በ2013 የወጣው ሜቶካርድ የተባለው የስፔን ጥናት ከካት ላብ በፊት በደም ሥር የተሰጠ ሜቶፕሮሎል የሞተውን ጡንቻ መጠን እንዳሳነሰ አሳይቷል። በቻይና የተሠራው ኮሚት ግን ያለልየታ ሲሰጥ ሰዎችን ወደ ልብ ሾክ እንደሚገፋ አሳይቶናል። ስለዚህ ግፊቱ ከ120 በታች፣ ምቱ ከ110 በላይ፣ ዕድሜው ከ70 በላይ ለሆነ ወይም ሳምባው ውሃ ለቋጠረ በደም ሥር አይስጡ። ምቱ 120 የሆነበት ሰው ልቡ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ በጭንቀት ሳይሆን ሊወድቅ ስለሆነ ነው።

ይላኩ ወይስ እዚሁ ያሟሙ?

ውሳኔው አንድ ሒሳብ ነው። ኤስቲው መነሳቱ ከታየበት ደቂቃ ጀምሮ እስከ ካት ላቡ ድረስ፣ ሽቦው የተዘጋውን ቧንቧ እስኪያልፍ፣ 120 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል? ከደረሰ መላክ ይሻላል። ካልደረሰና ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካልሞላው እዚሁ የማሟሟቂያ መድኃኒት ይስጡ፤ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢበዛ በ30። ከ12 ሰዓት በኋላ የማሟሟቂያው ጥቅም ይመነምናል፤ የመድማት አደጋው ግን እዚያው ነው።

ሒሳቡን ሲሠሩ ራስዎን አይሸንግሉ። ካርታው ላይ 70 ኪሎ ሜትር የሚለው መንገድ አይደለም የሚቆጠረው። አምቡላንስ ነዳጅ ሞልቶ እስኪመጣ፣ የሪፈር ወረቀት እስኪጻፍ፣ የአዲስ አበባ መግቢያ እስኪያልፍ፣ ተቀባዩ ሆስፒታል ማስያዣ እስኪያስከፍል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የካት ላቡ ቡድን ከቤቱ ተጠርቶ እስኪሰበሰብ ድረስ ይደመራል። ካት ላቦቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ባሉበት አገር ለሕመምተኛ የሚበጀው ብዙውን ጊዜ እዚሁ ማሟሟት፣ ከዚያ ሳይዘገዩ መላክ ነው። አስቀድመው ስልክ ደውለው «አሁን ብልክ በስንት ደቂቃ ይከፈታል?» ብለው ይጠይቁ፤ «አምጡት» መልስ አይደለም።

ከመጀመርዎ በፊት የክልከላዎቹን ዝርዝር ጮክ ብለው ያንብቡ፦ ከዚህ በፊት አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ያውቃል? ባለፉት 6 ወራት ስትሮክ? የአንጎል ዕጢ? ባለፈው ወር ከባድ አደጋ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የራስ ቅል ጉዳት ወይም የጨጓራና አንጀት መድማት? ደም ያለመርጋት በሽታ? ባለፈው 24 ሰዓት ደሙን በእጅ ተጭነው ሊያቆሙት የማይችሉት መወጋት፣ ለምሳሌ የጀርባ ውሃ ናሙና? ከነዚህ አንዱ ካለ ማሟሟቂያ የለም። ደም ግፊቱ ከ180 በ110 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ያውርዱት። በመጨረሻ የሁለቱንም ክንዶች ግፊት ይለኩ፤ ሰፊ ልዩነት ካለ፣ ሕመሙም ጀርባን እየቀደደ የሄደ ከሆነ ዋናው የደም ቧንቧ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ማሟሟቂያ መስጠት መግደል ነው።

ስትሬፕቶካይኔዝ አዘገጃጀት

ሁለት ሰፋፊ የደም ሥር መስመሮችን በክንድ ላይ ያስገቡ፤ አንገትና ብሽሽት አይነኩ። የሽንት ቱቦም ሆነ የአፍንጫ ቱቦ ግድ ካልሆነ አያስፈልግም። የልብ ማስነሻው ማሽን አጠገብ ይቁም፣ ጀሉ ይኑር።

ጠርሙሱ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት ዱቄት ይዟል። 5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል ቀስ ብለው ያስገቡ፤ በመዳፍና በመዳፍ መሃል ያንከባልሉት። እንደ እርጎ አይናጥም! ከተናጠ አረፋ ይሆናል፣ ፕሮቲኑም ክር ክር ይሠራል። ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር ሳላይን ውስጥ ጨምረው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያስኬዱ። ፓምፕ ከሌለ፣ በ20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሰጥ መስመር በደቂቃ 35 ጠብታ ቢያስኬዱት በ60 ደቂቃ ያልቃል።

ደም ግፊት በየ5 ደቂቃው ይለካ። መውረዱ የተለመደ ነው፤ በተለይ በፍጥነት ሲሮጥ። ሲወርድ ያቁሙት፣ እግሩን ከፍ ያድርጉ፣ ሳምባው ከፈቀደ ትንሽ ሳላይን ይስጡ፣ ሲመለስ በግማሽ ፍጥነት ይቀጥሉ። የሚያጠፋው ስሕተት ግፊቱ ስለወረደ ሩቡ የገባውን መድኃኒት ነቅሎ ጥሎ በዚያው መቅረት ነው። ሽፍታና ብርድ ብርድ ማለት ሊመጣ ይችላል። አንድ ጊዜ ስትሬፕቶካይኔዝ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያመርትበት ሁለተኛ አይወስድም፤ ይህን ካርዱ ላይ በትልቁ ይጻፉ።

ቴኔክቴፕሌዝ የተባለው ሌላው ማሟሟቂያ ካለ የተሻለው እሱ ነው፤ በ5 ሰከንድ አንዴ ይገፋል። ልኩ በክብደት ነው፦ ከ60 ኪሎ በታች 30 ሚሊ ግራም፣ ከ60 እስከ 69 35፣ ከ70 እስከ 79 40፣ ከ80 እስከ 89 45፣ 90ና ከዚያ በላይ 50። ዕድሜው 75 ለሞላው ግማሹ። ከግሉኮስ ጋር ሲገናኝ ይረጋልና መስመሩ ላይ ግሉኮስ ካለ በፊትም በኋላም በሳላይን ያጥቡት። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ውዱን መድኃኒት ቱቦው ውስጥ የምታስቀረው ግን እሷ ናት።

ደም ዳግም እንዳይረጋ የሚከላከለው የሄፓሪን ዓይነት፣ ኢኖክሳፓሪን፣ ይከተላል። ከ75 ዓመት በታች፦ 30 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር በየ12 ሰዓቱ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ100 ሳይበልጡ። 75 ለሞላው የደም ሥሩ ይቀራል፣ በኪሎ 0.75 ይሆናል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ75 ሳይበልጡ። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው በቀን አንዴ ብቻ። ማሟሟቂያ ከሚወስዱ ከ100 ሰው አንዱ ገደማ አንጎሉ ውስጥ ይደማል፤ ድንገተኛ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መዘባረቅ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካዩ ሁሉንም ያቁሙ፣ የራስ ሲቲ ያሠሩ።

ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም?

መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ እነዚያው የእስክሪፕቶ ክቦች ላይ ለጥፈው ኢሲጂ ይድገሙ። ኤስቲው በብዛት በተነሳበት ሊድ ከፍታው ቢያንስ በግማሽ ከወረደና ሕመሙ ከቀለለ ተከፍቷል። ከዚያ ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የልብ ቧንቧ ምርመራ እንዲደርስ ይላኩት። ግማሽ ካልወረደ አልተከፈተም፤ ሁለተኛ መጠን አይሰጥም፣ አሁኑኑ ወደ ካት ላብ ነው። እንዲያውም የዚህን ኢሲጂ ውጤት ለመጠበቅ ብለው አምቡላንሱን አያቆዩ፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ቢነሱ መልሱን መንገድ ላይ ያገኙታል። አብሮት የሚሄደው ባለሙያ የልብ ማስነሻ መሣሪያ ይዞ ይሂድ። ወረቀቱ ላይ አራት ሰዓቶች ይጻፉ፦ ሕመሙ የጀመረበት፣ ኢሲጂው የተነሳበት፣ ማሟሟቂያው የተጀመረበት፣ ኢኖክሳፓሪን የተሰጠበት። በፈረንጅ ይሁን በአበሻ ሰዓት አቆጣጠር መጻፉ ግልጽ ይሁን፤ በዚህ ብቻ የስድስት ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል።

ደም ሲመለስ የሚመጣው ጉዳት

ቧንቧው ሲከፈት የሚመለሰው ደም ራሱ የተወሰነ ጡንቻ ይገድላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ደም ያጣ ሕዋስ ውስጡ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣነቱ የማይቶኮንድሪያን (የሕዋሱን የኃይል ማመንጫ) በር ዘግቶ ያቆየዋል። ደም ባንዴ ሲመለስ ኮምጣጣነቱ ይታጠባል፣ ካልሲየም ይጎርፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሕዋሱ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 ተመራማሪዎቹ መሪ፣ ጄኒንግስና ራይመር የውሾችን ቧንቧ ለ5 ደቂቃ አራት ጊዜ ዘግተው ከፍተው ከዚያ ለ40 ደቂቃ ሲዘጉት የሞተው ጡንቻ ካልተዘጋጁት ውሾች ሩብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥበቃ ለሰው ለማምጣት ያልተሞከረ የለም። ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት በ2015 ተሞክሮ አልሠራም። ክንድን በደም ግፊት መለኪያ ካፍ እያጠበቁ እያላሉ ልብን ማዘጋጀት፣ ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም፣ ከ5,000 በላይ ሰዎች በተካፈሉበት የ2019 ጥናት ጥቅም አላሳየም። ሰውነትን ማቀዝቀዝ በእንስሳት ላይ ድንቅ ነበር፣ በሰው ጥናቶች ላይ ግን አልደገመውም። ግሉኮስ፣ ኢንሱሊንና ፖታሲየም ደባልቆ መስጠትም ከ20,000 በላይ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ወድቋል፤ ዛሬም የሚሰጥ ቦታ ካለ ይተውት። በአሜሪካ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ለተጎዳና በ6 ሰዓት ውስጥ ስቴንት ለገባለት ሰው በኦክስጅን የተሞላ ደም ወደ ቧንቧው የሚያስገባ መሣሪያ በ2019 ተፈቅዷል፤ ይህ ግን ለእኛ ሩቅ ነው።

በእጅ ያለው ነገር ታዲያ ምት ማጽናት ነው። ቧንቧው ሲከፈት በሞኒተሩ ላይ ሰፋ ብለው የሚታዩ ምቶች በደቂቃ ከ60 እስከ 110 እየሄዱ ሊታዩ ይችላሉ፤ ግፊቱ ደህና ከሆነ ምንም አይስጡ፣ ራሳቸው ይሄዳሉ። ሊግኖኬይን ወይም አሚዮዳሮን በነዚህ ላይ ማፍሰስ ምቱን ሊያቆመው ይችላል። ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን (ልብ ደም ሳይረጭ ዝም ብሎ መንቀጥቀጥ) ከሆነ ግን ወዲያውኑ የልብ ማስነሻ ነው። ፖታሲየምና ማግኒዥየም ይለኩ፣ ከጎደሉ ይተኩ።

ካት ላብ ውስጥ ስላለው በአጭሩ፦ በእጅ አንጓ በኩል መግባት ከብሽሽት ይሻላል፣ መድማትን ይቀንሳል። የረጋውን ደም በቱቦ መምጠጥ ለሁሉም እንዲደረግ የሚያዘው ልማድ በ2013 እና በ2015 በወጡ ትልልቅ ጥናቶች ውድቅ ሆኗል፤ የ2015ቱ ጥናት ስትሮክ መጨመሩንም አግኝቷል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

የመጀመሪያው ቀን አልጋ ላይ ነው፤ ሽንት ቤትም ቢሆን በወንበር ወይም በአልጋ ፓን። ሆድ ድርቀት እንዳያስጨንቀው ማለስለሻ ይስጡ። ጠያቂ በዝቶ አልጋውን ከብቦ እንዳያለቅስም ይከልከል፤ የልብ ምቱ ሲሮጥ ሞኒተሩ ላይ ይታያችኋል። የደም ስኳር ከ180 በላይ ከሆነ በኢንሱሊን ያውርዱት፣ ግን ከ70 በታች ፈጽሞ እንዳይወርድ።

ግፊቱ ከ100 በላይ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ኢናላፕሪል 2.5 ሚሊ ግራም ይጀመርና በቀናት ውስጥ ከፍ ይላል፤ የተረፈው ጡንቻ ተለጥጦ እንዳይሰፋ የሚይዘው እሱ ነው። አቶርቫስታቲን 80 በዚያው ቀን። ግፊቱና ሳምባው የፈቀደለት በአፍ የሚወሰድ ሜቶፕሮሎል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተሠርቶ የልብ የመግፋት አቅም 40 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነና የልብ ድካም ምልክት ወይም ስኳር ካለው ስፒሮኖላክቶን 25፣ ፖታሲየሙን እየተከታተሉ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ድንገት አዲስ የልብ ድምፅ ከሰሙና ግፊቱ ከወረደ ግድግዳው ወይም ቫልቩ ተቀዶ ይሆናልና ለቀዶ ሕክምና ይደውሉ።

ሲወጣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ለአንድ ዓመት ይወሰዳሉ፤ ስቴንት የገባለት ሰው ጥርስ ለማስነቀል ብሎ በራሱ ፈቃድ ቢያቆማቸው ስቴንቱ በቀናት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። የመውጫ ወረቀቱ ላይ፣ ሕመምተኛው ለፋርማሲ ባለሙያ እንዲያሳየው፣ ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር በላይ በትልቁ «ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጠው፤ ለሕመም ፓራሲታሞል» ተብሎ ይጻፍ።